በረኪና የማይነካው ቀሚስ

ሚስቴ የልጆች ጥርስ ሐኪም ናት፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ፣ «እንዴት ያለ የተባረከ ቤት ነው! አንዱ ያለብሳል፣ አንዷ ትፈውሳለች» ይላል። የቤቱን ጉድ የማውቀው እኔ ነኝ። እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ ታበላሻለች፤ ትዳራችን በአጭሩ ይኸው ነው።

የምታበላሸው በክፋት አይደለም፣ በበረኪና ነው። ሰው የጥርስ ሐኪም ሲባል ጉጠት ይዞ የሚነቅል ብቻ ይመስለዋል። የእሷ ሥራ ግን አብዛኛው እጥበት ነው። ልጅ የወተት ጥርሱ እስከ ውስጡ በስብሶ መግል ሲይዝበት፣ ጥርሱን ነቅላ ከመጣል ይልቅ ከላይ ትከፍትና ሥሩ ውስጥ ያሉትን ቦዮች ታጥባለች። ቦዮቹ ከፀጉር ብዙም አይወፍሩም፣ በዚያ ላይ ጠማሞች ናቸው። ውስጣቸው የተደበቀውን ጀርም የሚገድልላት በረኪና ነው፤ ያው ነጭ ልብስ የምናነጣበት፣ ለጥርስ እንዲሆን ተመጥኖ የቀጠነ። በቀጭን መርፌ ጠብ ታደርጋለች፣ በቱቦ ትስባለች፣ እንደገና ጠብ ታደርጋለች። የመርፌው ጫፍ ድፍን ነው፣ ቀዳዳው ከጎኑ ነው። ከሥሩ በታች ገና ያልወጣው ቋሚ ጥርስ ተኝቶ እያደገ ስለሆነ፣ ፈሳሹ ወደ ታች ተገፍቶ እሱ ዘንድ እንዳይደርስ ነው።

ለልጁ ያላት ጥንቃቄ ለጉድ ነው። ጠብታ ወደ ጉሮሮው እንዳይወርድ በጥርሱ ዙሪያ ስስ ላስቲክ ትዘረጋለች፣ ዓይኑ ላይ መነጽር ታደርጋለች፣ ደረቱን በፕላስቲክ ትሸፍናለች። ለራሷስ? ለራሷ ያው ጋውኗን ደርባ፣ የላዩን ቁልፍ ቆልፋ የታቹን ረስታ ትቀመጣለች። ስትጨርስ ደግሞ እጇን ቀኝ ዳሌዋ ላይ ትጠርጋለች። ስንት ጉርድ፣ ስንት ሹራብ፣ ስንት ላቤ የፈሰሰበት ቀሚስ በዚያች በቀኝ ዳሌ በኩል አለቀ! «ዝንጉርጉሯ» የሚለውን ስም ያወጣሁላት ያን ጊዜ ነው። ሲጀመር ስድብ ነበር፤ ውሎ አድሮ ቁልምጫ ሆነ።

የተዋወቅነውም በዚሁ ጠንቅ ነው። ወጣት ሳለሁ አንዲት ልጅ ቀኝ ጎኑ ነጠብጣብ የሆነ ቡናማ ጉርድ ይዛ ሱቄ መጣች። «ይሄ ይስተካከላል?» አለችኝ። አየሁት፣ አሸተትኩት።

«ልብስ አጣቢ ነሽ?»

«ጥርስ አጣቢ ነኝ።»

የቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። ነጠብጣቡ ላይ ኪስ ሰፋሁበት። ብዙም ሳትቆይ ሌላ ይዛ መጣች፤ ኪስ ሰፋሁ። ሌላ አመጣች፤ ኪስ። ጎረቤቴ ጫማ ሰሪው፣ «አንተ ሰው፣ ይቺ ልጅ ልብሷን የምታበላሸው አንተን ለማየት ነው፣ ንቃ እንጂ!» አለኝ። አመንኩት። ወንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ለማመን ብዙ ምስክር አይፈልግም። በዚሁ ልቤ አብጦ ጠየቅኳት፣ እሺ አለች፣ ተጋባን። ከሰርጋችን በኋላ ሥራ የገባች ዕለት አዲሱ ቀሚሷ ቀኝ ዳሌው ላይ ተዥጎርጉሮ መጣ። ያኔ ነው ለእኔ ብላ እንዳልነበረ የገባኝ። ታዲያ ምን ይደረጋል፣ አንዴ ወድጃታለሁ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ይከነክነኝ ነበር። የቤታችንን ፎቶዎች ያየ ሰው ሚስቴን ፈልጎ አያገኛትም። አለች፤ ግን ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ናት። ከፊት ከቆመች ደግሞ የሆነ ነገር ታቅፋለች፤ ቦርሳ፣ የሰው ሕፃን፣ የሰው ካፖርት፣ አንዴማ የአበባ ማሰሮ። ነጠብጣቧን ለመሸፈን ነው። ልጃችን የተመረቀች ቀን በተነሳነው ፎቶ ላይ የሚታየው ግንባሯ ብቻ ነው። እሷ ትስቅበታለች። እኔን አያስቀኝም። የሰፈሩን ሴት ሁሉ አልብሼ ከፊት ያቆምኩ ሰውዬ የራሴን ሚስት ከኋላ ሳያት ሆዴ ይባባል። ስለዚህ የልጃችን ሰርግ ቀን ሲቆረጥ ለራሴ ማልኩ። በዚህ ሰርግ ሚስቴ ነጠብጣብ የሌለው ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን ባዶ አድርጋ፣ ከፊት ቆማ ትነሳለች።

ቀሚሱን ከጥቁር ሰማያዊ ጥጥ ሰፋሁት፤ ሲያዩት ላዩ ሐር የሚመስል ጨርቅ ነው። ጀርባው ላይ ከማጅራቷ እስከ ወገቧ በጨርቅ የለበሱ፣ አተር አተር የሚያካክሉ ቁልፎች ደረደርኩበት። ለሙሽራዋ ቀሚስ እንኳ ይህን ያህል አልተጠበብኩም፤ ልጄ ይህን ስትሰማ ይቅር ትበለኝ። ከዚያ ሚስቴን፣ «እስከ ሰርጉ ድረስ ክሊኒክ ደጃፍ እንዳትደርሺ!» አልኳት። ልጃችን ሰምታ፣ «አባዬ፣ እማዬን መስታወት ሳጥን ውስጥ ቆልፍባትና ተገላገል» አለችኝ። ሐሳቡ ሳይጥመኝ አልቀረም።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ሚስቴ ቀሚሱን ለብሳ ሳሎን መሃል ቆማለች፤ እኔ ስፒል በከንፈሬ ይዤ፣ ተንበርክኬ የመጨረሻውን ጠርዝ አስተካክላለሁ። በሩ ተንኳኳ። የሙሽራው እናት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን እጇን ይዘዋል። ይቺ ልጅ በሙሽራዋ ፊት አበባ የምትበትነው ናት። አንድ ቦታ ቆማ ስለማታውቅ ሁላችንም ፌንጣ ነው የምንላት። ያን ቀን ጠዋት ግን ግራ ጉንጯን በመዳፏ ይዛ ዝም ብላ ቆማለች፤ እኔን ያስደነገጠኝ መቆሟ ነው።

«አላስተኛችንም» አሉ የሙሽራው እናት። «የወተት ጥርሷ ነው። በሞቴ፣ ቶሎ ትነቅያትና እንገላገል።»

ሚስቴ ጎንበስ አለች። «ፌንጢት፣ እስቲ አፍሽን አሳዪኝ።» ከታች፣ ከሁሉም በስተኋላ ያለው ጥርሷ ጥጉ በልቷል፤ አጠገቡ ድዷ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል እብጠት ወጥታለች። ሚስቴ ጉንጯን ዳበሰች፣ ግንባሯን በእጇ ጀርባ ነካች። «ጉንጯ አላበጠም፣ ትኩሳትም የላትም። ራጅ አነሳታለሁ፤ ሥሩ ደህና ከሆነ አይነቀልም፣ ይታጠባል።»

«ምን ሲደረግ? ነገ ተነገ ወዲያ ለሚወድቅ ጥርስ?»

ሚስቴ ታስረዳቸው ጀመር። ይህ ጥርስ ያለ ጊዜው ከወጣ ከኋላው የሚመጣው ትልቁ ጥርስ ክፍት ቦታ አገኘሁ ብሎ ወደፊት ይጋደማል፣ ከሥር የሚያድገውም መውጫ ያጣል። የሙሽራው እናት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ እንጂ አልገባቸውም። እኔ ደግሞ ነገር ሲንጠለጠል አልወድም፤ ስፒሎቼን ከአፌ አወጣሁና ጥልቅ አልኩ።

«እትዬ፣ ልብስ በመኪና ከመሰፋቱ በፊት ለጊዜው በክር ይወሰወስ የለ? የወተት ጥርስ ማለት ያ ውስዋስ ነው። መፈታቱ አይቀርም። ግን መኪናው ሳያልፍበት ከፈቱት ልብሱ ተጣሞ ይቀራል።»

«እንዲህ ብለህ አታስረዳኝም!» አሉ። «በሉ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ እንሂድ!»

እንግዲህ ቀሚሴን በገዛ አፌ ወደ ክሊኒክ ሸኘሁት።

«አንተም ተነስ» አለችኝ ሚስቴ። «ረዳቴ ፀጉር ቤት ናት። ቱቦውን አንተ ትይዝልኛለህ።»

«መጀመሪያ ቀሚሱን አውልቂ!»

«ስንት ቁልፍ ነው ያለው?»

ቁልፎቹን የሠራኋቸው እኔ ነኝ፤ ለመፍታት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጁ አውቃለሁ። ልጅቷ ደግሞ ጉንጯን ይዛ ታየኛለች። ያለኝ አማራጭ አጥብቆ መሸፈን ብቻ ነበር። ጋውን አለበስኳት፣ በላዩ የሙሽራዋን ቀሚስ ጠቅልዬበት የነበረውን ፕላስቲክ ከአንገቷ እስከ እግሯ ጠመጠምኩባት። «ካውያ ቤት የተረሳ ኮት መሰልኩ» አለች።

የሚስቴ የሥራ ክፍል ጠባብ ናት። ልጆቹ ተንጋለው የሚያዩት ነገር እንዲያገኙ ኮርኒሱ ላይ ዝሆን ተስሏል። ወንበሩ ቆዳው በተቀደደበት በኩል እኔ የሰፋሁት አረንጓዴ ማልበሻ አለው። ራጁ ታየ፤ ሥሩ ደህና ነው። ሥራው ሲጀመር ግን ሚስቴ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ፕላስቲኩ ይንሿሿል፣ ፌንጣም ሕመሟን ረስታ ትስቃለች። ስትስቅ ጭንቅላቷ ይነቃነቃል። ሚስቴ ፕላስቲኩን ገፋ አድርጋ መሬት ጣለችው።

«ምነው!» አልኩ።

«ይቺ ልጅ ከምትነቃነቅብኝ ቀሚሱ ይቅር።»

ሚስቴ ለልጅ አትዋሽም። «መጀመሪያ ድድሽን አደነዝዛለሁ፣ ትንሽ ይቆነጥጥሻል» አለቻት። «ከዚያ ጥርስሽን አጥባለሁ። የመዋኛ ገንዳ ሽታ ይሸትሻል፤ በረኪና ነው። አንቺን አይነካሽም፣ ይሄ ላስቲክ ዣንጥላሽ ነው።»

«ጥርሴ ልብስ ነው እንዴ?»

«ለእሱ ሁሉም ነገር ልብስ ነው» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች።

ድዷ ከደነዘዘ በኋላ ላስቲኩ ተዘረጋ፣ ጥርሱ ተከፈተ፣ የታፈነው መግል ወጣ። ወዲያው የልጅቷ ትከሻ ወረድ አለ። እኔ ቱቦዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ይህን ያህል ዘመን አብሬያት ስኖር ስትሠራ አይቻት አላውቅም ነበር። ቀጭን መርፌዋን ከሥሩ ጫፍ ራቅ አድርጋ ታስገባለች፤ ጠብ፤ ትጠብቃለች፤ እኔ እስባለሁ። እንደገና ጠብ። መቼም እኔ ነኝና አላስቻለኝም።

«ሰርግ አለን እኮ፣ ፈጠን አትዪም?»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለችኝ። ደንበኛ ሲያጣድፈኝ እኔ የምለውን መልሳ ለእኔ!

መርፌው ውስጥ ያለው አለቀ። «ያንን የተሞላውን አቀብለኝ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከጥርሱ ሳትነቅል። አነሳሁት። እንግዲህ ልብስ ሰፊ መርፌ ሲይዝ ሁለት ጣቱ ይቆነጥጣል፣ አውራ ጣቱ ከኋላ ይገፋል። ዕድሜዬን ሙሉ ያደረግኩት ይህን ነው። አውራ ጣቴ እኔን ሳያማክር ቦታውን ያዘ፤ ከኋላ ገፋ።

በረኪናው ተፈናጠረ። ጋውኗ እንደ ልማዱ የታቹ ቁልፍ አልተቆለፈም፤ እኔም በፕላስቲኩ ተማምኜ ትቼዋለሁ፤ ስትቀመጥ ጉልበቷ ላይ ተከፍቷል። ከጉልበቷ እስከ ጠርዙ፣ በዚያ በሰማያዊው ጨርቄ ላይ፣ ጠብታው ተዘራ።

ሚስቴ ቀሚሷን አየች። እኔን አየች። «ሌላ መርፌ ከመሳቢያው አውጣ። ጫፉን ወደ ታች፣ አውራ ጣትህን ወደ ውስጥ ሰብስበህ።»

«ቀሚሱ! ውሃ ላምጣ፣ አሁኑኑ ካልታጠበ...»

«እጄ ልጅ አፍ ውስጥ ነው። ቱቦውን ያዝ።»

ያዝኩ። በረኪና ተንኮለኛ ነው፤ መጀመሪያ ምንም ያልሆነ ይመስላል። ቀጥሎ ሰማያዊው ደከም ይላል፣ ከዚያ ቡላ ይሆናል፣ ከዚያ ይነጣል። አንድ በአንድ ሲወጡ ቆሜ አየሁ። እሷም ታውቃለች፤ ግን አንዴም ዝቅ ብላ አላየችም። ጠብ፣ መጠበቅ፣ መሳብ። ያኔ ነው የገባኝ። ለካ የእነዚያ ሁሉ ቀሚሶች ታሪክ ይኸው ነበር። ዝንጉርጉር አድርጓት የኖረው ዝርክርክነት ብቻ ነው እል ነበር፤ ለካ እጇ ልጅ አፍ ውስጥ ስለነበረ ነው። ቱቦውን ይበልጥ ጠጋ አደረግኩላት።

በመጨረሻ ቦዮቹን በጨው ውሃ አለቀለቀች፣ ክር በሚያካክሉ ወረቀቶች አደረቀች፣ መድኃኒት አስቀምጣ ለጊዜው ደፈነችው። «ሌላ ቀን እከፍተዋለሁ» አለች ለፌንጣ፤ «ንጹሕ ሆኖ ካገኘሁት እሞላዋለሁ። የምሞላበት መድኃኒት ከሥሩ ጋር አብሮ የሚሟሟ ነው፤ ጥርስሽ ቀኑ ሲደርስ ራሱ ይወልቃል።» ከዚያ ጓንቷን አውልቃ እኔ ዘንድ መጣች። እኔ በልጆቹ በርጩማ ላይ ጭንቅላቴን ይዤ ተቀምጫለሁ።

«ታዲያ» አለችኝ፣ «ዛሬ ማንን ነው የምንቆጣው?»

ፌንጣ ከወንበሩ ዘላ ወርዳ ቀሚሱን በጣቷ እየነካካች፣ በደነዘዘ አፏ እየተኮላተፈች፣ «እኔም ቀሚሴ ላይ ይደረግልኝ!» አለች።

«ያንቺ ነጭ ነው፣ ነጭ ላይ አይታይም» አልኳት በብስጭት። «እንዲህ የሚያምረው ጥቁር ሰማያዊ ላይ...»

አፌ ያለውን ጆሮዬ ሰማው። ብድግ አልኩ። ጠብታዎቹን እንደገና አየኋቸው፤ ከጉልበቷ ጀምረው ወደ ጠርዙ እየበዙ ይወርዳሉ። አንድ ጎን ብቻ ስለሆኑ ነው እንጂ ጉድለት የሚመስሉት፣ ዙሪያውን ቢሆኑስ? «አውልቂው» አልኳት። ያን ሁሉ ቁልፍ በምን ፍጥነት እንደፈታሁት እኔም አላውቅም። እሷ ጋውኗን ለብሳ ቆመች፤ ቀሚሱን የሕክምናው ወንበር ላይ አጋደምኩት፣ መብራቱን ሳብኩለት፣ በኪሴ በማይጠፋው ጠመኔ ምልክት ምልክት አደረግኩበት። ከውስጡ ፎጣ ዘረጋን። «መርፌውን አቀብዪኝ» አልኳት። ቱቦውን እሷ ያዘች።

የመጀመሪያዋ ጠብታ ስሙኒ አክላ ወጣች።

«አትግፋ» አለችኝ። «ለቀቅ አድርገው። ራሱ ይምጣ።»

«አልገፋሁም!»

«ጣትህ ገፍቷል። ተንፍስ። አሁን ጠብ አድርግ፤ ጠብቅ።»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ሦስተኛ አራተኛ ላይ እጄ ተገራ። ከጠርዙ ላይ ዘለል ዘለል እያደረግኩ፣ ወደ ወገቡ ስወጣ እያሳሳሁ ዞርኩት። እሷ ከኋላዬ እየተከተለች በጨው ውሃዋ ታለቀልቃለች፣ ጥርስ በምታደርቅበት ነፋስ ታደርቃለች። በዚህ መሃል ኮሪደሩ ላይ ጥበቃ የሰለቻቸው የሙሽራው እናት በሩን ከፈቱ። ቀሚስ መብራት በርቶለት ወንበሩ ላይ ተጋድሟል፣ ልብስ ሰፊው መርፌ ይዟል፣ ሐኪሟ በጋውን ቆማ ታግዘዋለች።

«ምነው፣ ቀሚሱንም አመመው?»

«እስከ ሥሩ!» አልኳቸው።

አዳራሹ ውስጥ ሚስቴ ስትገባ ሰው ዞረ። በሙያ የምቀናበት የታችኛው መንገድ ልብስ ሰፊ ሳይቀር ተጠግቶ ጠርዙን አየና፣ «ይሄን ጨርቅ ከየት አመጣኸው?» አለኝ። ከውጭ አገር ያስመጣሁት ነው ልል አፌን ስከፍት ሚስቴ ቀደመችኝ፦ «በረኪና ነው፤ ከክሊኒክ።» ሰውዬው የሙያ ምስጢር የደበቅነው መስሎት ቅር ብሎት ሄደ። ፌንጣም ወደ ተፈጥሮዋ ተመልሳ አበባውን እየዘለለች በተነች፤ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ሐሳቡ የእሷ እንደሆነ ታወራለች። አልዋሸችም።

የፎቶው ሰዓት ደረሰ። ፎቶ አንሺው፣ «ቤተሰብ!» ብሎ ጠራ። ሚስቴ፣ የልማዷን፣ ቦርሳዋን ሆዷ ላይ አድርጋ ከአክስቷ ኋላ ገባች። ሄድኩና ክንዷን ያዝኳት።

«ወደ ፊት።»

«ተወኝ፣ እዚህ ይሻለኛል።»

«እማዬ፣ ነይ እንጂ!» አለች ሙሽራዋ፤ እጇን ጎትታ ከጎኗ አቆመቻት። እኔ ቦርሳውን ተቀበልኳት። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋባት፤ መጀመሪያ ቀኝ ዳሌዋ ላይ ልትጠርግ ቃጣት፣ ከዚያ ለቀቀችው። ሳቀች። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ያ ሳቅ ግን ባዳ አልነበረም። በቀሚሱ እንደሚኮራ ሰው ቀጥ ብላ ቆመች፤ እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ።

እኔም ከጎኗ ልቆም ስል ጫማ ሰሪው ጎረቤቴ ሱሪዬን በጣቱ አሳየኝ። ጥቁር ሱሪዬ ከጉልበቱ በላይ ተዥጎርጉሯል። ክሊኒክ ቀሚሱ ላይ ጠብ ሳደርግ ጣቴን ሳልጠርግበት አልቀረሁም፤ ደግሞም በቀኝ በኩል ነው።

ፎቶው አሁን ሱቄ ውስጥ፣ ከመስታወቱ በላይ ተሰቅሏል። ሚስቴ ከፊት፣ ከልጃችን ጎን ናት፤ እጆቿ ባዶ ናቸው፣ ቀሚሷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። እኔ ከአክስትየው ትከሻ ኋላ ነኝ፤ የሴት ቦርሳ በሁለት እጄ ታቅፌያለሁ። ለልክ የሚመጡ ደንበኞች ቀና ብለው ያዩና፣ «አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው የሴት ቦርሳ የያዝከው?» ይሉኛል።

«የሚስቴ ነው» እላቸዋለሁ። «ለብዙ ዘመን እሷ ይዛው ነበር፤ ያን ቀን ተራው የእኔ ሆነ።»